ከክሮም ወደ ፋየርፎክስ፦ ምን ይሻገራል? ምን ይቀራል?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚማሩ አንባቢ በላፕቶፓቸው ከክሮም ወደ ፋየርፎክስ መዞር ፈልገዋል። ቡክማርኮች፣ የይለፍ ቃሎችና ቅንብሮች አብረዋቸው ይሄዱ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ቡክማርኮች በቀላሉ ይሻገራሉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ አንድ ላይ ሲጫኑ የክሮም ቡክማርክ ማስተዳደሪያ ይከፈታል፤ እዚያ ያለው "ኤክስፖርት" ሁሉንም በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ያወጣል፤ ፋየርፎክስም ይቀበለዋል። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር እስከ ዛሬ የኔትስኬፕን ስም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ገናና የነበረው ይህ ብሮውዘር ከገበያ ቢወጣም፣ የፋይል አሠራሩ የሁሉም መግባቢያ ሆኖ ቀርቷል።

የፋይሉ መንገድ ሌላም ጥቅም አለው፦ በፍላሽ ተይዞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ መቆየቱን ለሚያስታውስ ጎንደሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ትልቁ ጥንቃቄ የይለፍ ቃል ላይ ነው። ክሮም የይለፍ ቃሎችን የሚያወጣው በሲኤስቪ ፋይል ሲሆን፣ ፋይሉ ምንም ቁልፍ የለውም፤ የከፈተው ሰው ሁሉ የኢሜይሉንም የባንኩንም ምስጢር እንደ ተራ ጽሑፍ ያነባል። ስለዚህ በኢንተርኔት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲው የጋራ ኮምፒውተር ፈጽሞ አይሞከርም። በራስ ላፕቶፕም ቢሆን ፋየርፎክስ እንደተቀበለው ፋይሉ ወዲያው ይጥፋ፤ ከቆሻሻ መጣያውም ይጽዳ። በቴሌግራም ለራስ መላክም አይመከርም።

ቅንብሮች ግን አይሻገሩም። መነሻ ገጽ፣ የፍለጋ ሞተርና የፊደል መጠን በእጅ ይስተካከላሉ። የአማርኛ መጻፊያው በዊንዶውስ ላይ የተጫነ ከሆነ በፋየርፎክስም እንደ ወትሮው ይሠራል።