መልካም ሥራን ስለ መምሰልና የባልንጀራን ስም ስለ መጠበቅ

አንባቢ ሆይ፥ ሌባ የሰውን ገንዘብ እንደሚወስድ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ለድኻ ብሎ የሚለምን፥ የለመነውንም በእውነት ለድኻ የሚሰጥ ሰው ባልንጀራውን ሊበድል ይችላልን? እኔ ራሴ በድያለሁና ይችላል ብዬ እመልሳለሁ። ይህንም የምጽፈው ሌላው ከእኔ ስሕተት ይማር ዘንድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቡሬ ከተማ አረጋውያንን የሚረዳ አንድ ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር በየዓመቱ በጥር ወር፥ እህሉ ከተወቃ በኋላ፥ በርበሬውም ለገበያ በሚወጣበት ጊዜ፥ የእግር ጉዞ ያዘጋጅ ነበር። የሚጓዘው ሁሉ ቢጫ ከናቴራ ይገዛል፤ ከተማውን ዞሮ ሲመለስ ቡና ይጠጣል፤ ከዚያም በግ ወይም ማር ለጨረታ ይቀርባል። በተገኘውም ገንዘብ ለአረጋውያኑ ብርድ ልብስና ቀለብ ይገዛላቸው ነበር። የእኛ ጉባኤ ወጣቶች ደግሞ ለድኻ ተማሪዎች ደብተር መግዛት ፈለጉ። የዚያ ማኅበር ጉዞ እንደ ተሳካ ስላየን፥ ከእነርሱ ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድመን ያንኑ ጉዞ፥ ያንኑ ቢጫ ከናቴራ፥ ያንኑም ጨረታ አዘጋጀን። የወጣቶቹ መካሪ እኔ ነበርሁ። ለዚያ ማኅበር ግን አንድ ቃል እንኳ አልነገርንም።

በገበያ ቀን ከናቴራውን ለብሰን ስንዞር፥ በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ከመቀነታቸው 200 ብር ፈትተው ሰጡን። «ለሽማግሌዎቹ ነው፤ አምና ጎረቤቴን አልብሳችሁልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አሉ። ገንዘቡን የተቀበለው ወጣት ዘወር ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔም ዝም አልሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአረጋውያኑ ማኅበር ሰዎች ወደዚያው ገበያ በወጡ ጊዜ፥ እኒያ እናትና ሌሎችም ብዙዎች «እኛ ሰጥተናል» ብለው መለሱላቸው። የማኅበሩን ገንዘብ ያዥ በመንገድ ባገኘሁት ጊዜ አልተቈጣኝም። «ዘንድሮ ብርድ ልብሱ ለሁሉ አልደረሰም» ብቻ አለኝ። እኛ ደብተሩን በእውነት ገዝተናል፤ ከገንዘቡም አንድ ሳንቲም ወደ ኪሳችን አልገባም። ይሁን እንጂ የእኒያ እናት ምጽዋት እርሳቸው ወዳላሰቡት ስፍራ ሄደ፤ በጥር ብርድም ያለ ልብስ ያደረ ሰው ነበረ።

እንግዲህ ጥፋታችን ምን ነበረ? ጉዞውን መምሰላችን ነውን? አይደለም። መልካም የማድረጊያ መንገድ የማንም የግል ርስት አይደለም። ዕድር ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሰፈር የደረሰው አንዱ ሌላውን እያየ ነው፤ «ዕድራችንን ወሰዳችሁብን» ብሎ የሚከስ ግን የለም።

በሩቅ አገርም እንዲሁ ሆኗል። ዓመቱን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር እጽፋለሁ። እንግሊዛዊው ሯጭ ብሬንዳን ፎስተር በ1971 ዓ.ም. በኒውዚላንድ አገር በኦክላንድ ከተማ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአንድነት የሚሮጥበትን ሩጫ አየ። ወደ አገሩም ተመልሶ በ1973 ዓ.ም. በኒውካስል ከተማ ታላቁን የሰሜን ሩጫ አስጀመረ። በዚያም ሩጫ ብዙዎች ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እየለመኑ ይሮጣሉ። የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ ድል አድርጎ ከተመለሰ በኋላ፥ ሕዝቡ ሁሉ የሚሮጥበትን ነገር ከወዳጆቹ ጋር መከረ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ተጀመረ። እርሱም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባል። ሦስቱ ሩጫዎች እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ስምና በራሱ አገር ስለ ተጠራ፥ አንዱ የሌላውን እንጀራ አልወሰደም።

ስለ አገራችን ረኃብ የሆነውንም እናስታውስ። በኅዳር 1977 ዓ.ም. ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር በለንደን ዘፋኞችን ሰብስበው ለኢትዮጵያ ርኁባን ዘፈን አስቀረጹ። ይህን ያዩ አሜሪካውያን በጥር ወር ያንኑ የመሰለ ሌላ ዘፈን አዘጋጁ። ሁለቱም የለመኑት ለርኁባን ስለ ሆነ፥ መመሳሰላቸው እርዳታውን አበዛ እንጂ አላጐደለም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ግን በለንደንና በፊላደልፊያ ለዚሁ ረኃብ ታላቅ የሙዚቃ ጉባኤ በተደረገ ጊዜ፥ ዘፋኙ ቦብ ዲላን ከገንዘቡ ጥቂቱ ዕዳ ለከበዳቸው የአሜሪካ ገበሬዎች ቢሆን መልካም ነው ብሎ በመድረኩ ላይ ተናገረ። ጌልዶፍም በዚህ ንግግር አዘነ፤ ስለ ርኁባን የተሰጠው ለሌላ ጉዳይ እንዲውል ተጠይቋልና። የገበሬዎቹም ችግር እውነተኛ ነበረ። ስለዚህ ዊሊ ኔልሰንና ባልንጀሮቹ ከዚያ ገንዘብ ሳይነኩ፥ መስከረም 12 ቀን 1978 ዓ.ም. በኢሊኖይ ሌላ ጉባኤ አዘጋጁ። ሥራው የፊተኛውን ይመስል ነበር፤ ስሙም ይቀራረብ ነበር። ነገር ግን «የእርሻ እርዳታ» ተብሎ ስለ ተጠራ፥ የሰጠ ሁሉ ለማን እንደ ሰጠ ያውቅ ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ልዩነቱን አስተውል፤ ሥራን መምሰል አንድ ነገር ነው፥ ከሌላው ሙዳየ ምጽዋት መካፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

የአገራችንም ሕግ ወደዚህ ያመለክታል። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ የተጻፈውንና የተሠራውን ይጠብቃል፤ ሐሳብን ብቻውን ግን የማንም ንብረት አያደርግም። የ2011ዱ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ ስሙ ወይም ምልክቱ የሌላውን የሚመስል ድርጅት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። እንግዲህ ሐሳቡ ለሁሉ ነው፤ ስሙ ግን ባለቤት አለው።

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ላሉ ድኾች ገንዘብ ሲያሰባስብ፥ የአካይያን ሰዎች ትጋት ለመቄዶንያ ሰዎች ነገረ፤ የመቄዶንያንም ልግስና ለቆሮንቶስ ሰዎች ምሳሌ አደረገ። አንዱ ጉባኤ ሌላውን እንዲመስል ፈለገ እንጂ አልከለከለም። ይሁን እንጂ ስለ ገንዘቡ ማንም እንዳያማው፥ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሆኑ አደረገ። ለእኛም ሁለቱ ነገሮች ይገቡናል፤ በመልካም ሥራ መመሳሰልና በሰጪው ፊት ግልጥ መሆን።

ስለዚህ የባልንጀራውን የምጽዋት ሥራ የሚመስል ሁሉ እነዚህን ይጠብቅ።

1ኛ፤ ከመጀመሩ በፊት ወደ ፊተኛው ማኅበር ሄዶ ይንገር፥ ይማከርም። ፈቃድ የሚያስፈልገው በሕግ ሳይሆን በፍቅር ነው።

2ኛ፤ ቀኑን፥ ስሙንና ምልክቱን ይለይ። በትንሽ ከተማ ከአንድ መቀነት በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አይፈታም።

3ኛ፤ ገንዘቡ ለማን እንደ ሆነ ሳይጠየቅ አስቀድሞ ይናገር።

4ኛ፤ ሰጪው ተሳስቶ እንደ ሰጠ ያወቀ እንደ ሆነ፥ በዚያው ሰዓት ይመልስ። ዝምታም ውሸት ይሆናልና።

ፊተኛው ማኅበር ደግሞ አይቅና። «ይህን መንገድ የከፈትሁት እኔ ነኝ» ብሎ ሌላውን የሚከለክል፥ አረጋውያኑን ሳይሆን የራሱን ክብር እንደሚመግብ ይወቅ።

እኔም ወደ ገበያው ተመልሼ ለእኒያ እናት እውነቱን ነገርኋቸው፤ 200 ብሩንም ከራሴ አውጥቼ አቀረብሁላቸው። «ልጄ፥ እኔስ ለእነርሱ መስሎኝ ነበረ» አሉ። ገንዘቡን ግን አልተቀበሉም፤ «አንተው ወደ እነርሱ አድርስ» ብለው አዘዙኝ። እኔም አደረስሁ። በማግሥቱ ዓመት ወጣቶቹ ሥራቸውን ወደ ነሐሴ አዞሩት፤ ደብተር የሚያስፈልገው ትምህርት ሊከፈት ሲል ነውና። በክረምት ዝናብ ጉዞ ስለማይመች፥ በአዳራሽ ቡና አፍልተው እያንዳንዱ እንግዳ ደብተር ይዞ እንዲመጣ ጠሩ። የአረጋውያኑ ገንዘብ ያዥም መጣ፤ አንድ ደርዘን ደብተር ይዞ ነበር። እኒያ እናትም መጡ። ነገር ግን ከደጁ ቆመው «ዛሬስ ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ጊዜ የተናገረው ያ ወጣት ነው፤ «ለተማሪዎች ነው፥ እናቴ» አላቸው። እርሳቸውም ገቡ።

አንባቢ ሆይ፥ ራስህን ጠይቅ፤ የምትለምንበት ስም የማን ነው? የሰጠህ ሰው ለማን እንደ ሰጠ ያውቃልን? ባልንጀራህስ ስለ ሥራህ ከአንተ አፍ ሰምቷልን ወይስ በገበያ?