የመንግሥት ስምና ግብር

ልጄ፣ ከኮላ ድባ ወደ ጎንደር ለትምህርት ልትወጣ ነው። እዚያ የፖለቲካ ክርክር አይቀርልህምና ይህን ያዝ።

1. በስም አትፍረድ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመንግሥትን ስም ግን የሚያወጣው ራሱ ሥልጣን የያዘው ነው። ሰሜን ኮሪያ «ዲሞክራሲያዊ ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» ትባላለች፤ ሥልጣኑ ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ወረደ። ስዊድን ንጉሥ አላት፤ አስተዳዳሪዎቿን ግን መራጩ ያወጣል፣ ያወርዳል።

2. «ሕዝቡ መንግሥቱን በምን ይሽረዋል?» በል። ወታደራዊው መንግሥት ደርግ በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያን «ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» አላት፤ የተፈቀደው ፓርቲ ግን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ብቻ ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት «ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ሆነች፤ ብዙ ፓርቲም ተፈቀደ። ያም ሆኖ በ2007ቱ ምርጫ ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበር ተቃዋሚ አንድም አላገኘም።

3. መሬቱን እይ። የየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ መሸጥ መለወጡንም ከለከለ። በ1983 ደርግ ወደቀ፤ ሶሻሊዝምም አብሮት ሄደ ተባለ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። የደምቢያ ጤፍ አራሽ የመንግሥት ስም ሲቀየር አየ፤ ማሳውን መሸጥ ግን ዛሬም አይችልም። ርዕዮቱ ተለወጠ ሲሉህ፣ የትኛው ሕግ ተለወጠ ብለህ መርምር።

4. አንድ ስም የያዙ ሁሉ አንድ አይደሉም። በደርግ ዘመን የነበሩት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲም (ኢሕአፓ) የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄም (መኢሶን) ማርክሲስት ነበሩ። ኢሕአፓ ሥልጣኑ ከወታደሩ ወጥቶ ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ አለ፤ መኢሶን ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጠ። በዚህ ተጋደሉ፤ ደርግም ተራ በተራ ሁለቱንም መታ። ጎንደርም በቀይ ሽብር ልጆቿን ቀበረች።

5. በሰው ላይ ስም አትለጥፍ። በዚያ ዘመን «አናርኪስት» ወይም «አድኃሪ» መባል ነፍስ ያስጠፋ ነበር። ተከራካሪህ ምን እንደሚፈልግ በራሱ አፍ ይንገርህ፤ ከዚያ ብትቃወመውም የምትቃወመውን ታውቃለህ።

6. በሄደ መንግሥት ላይ መፍረድ አያስቸግርም፤ ወድቋልና አይቀጣህም። ከ2010 ወዲህ «ብልጽግና»ና «መደመር» የሚሉ ስሞች መጥተዋል። ለደርግና ከእሱ በኋላ ለገዛው ለኢሕአዴግ ያቀረብኸውን ጥያቄ ለእነዚህም፣ ነገ አንተ ለምትደግፈውም ፓርቲ ሳትቀንስ አቅርብ። ለወዳጅህ ጥያቄውን ካለዘብህ፣ አንተም የስም ደጋፊ ሆነሃል።