የየቲሙን የዘር ታሪክ እንጠብቅ



በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ገጠር አንድ ሕፃን በጊዜው ሳይቀመጥ፣ ሳይራመድ ወይም አፉን ሳይፈታ ሲቀር ምክንያቱ በቡዳ፣ በእርግማን ወይም በእናቲቱ ጥፋት ይፈለጋል። ለእንዲህ ያለው እክል መንስኤው ብዙ ነው፤ በወሊድ ጊዜ መታፈን አለ፣ ማጅራት ገትር አለ። አንዳንዱ ግን በዘር ውስጥ ይገኛል።

ዘረ መል ማለት አካላችን የሚገነባበት፣ ከወላጆች የምንወርሰው መመሪያ ነው። ከአብዛኛው ዘረ መል አንዱን ቅጂ ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንቀበላለን። ሁለት ጤነኛ ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሳያውቁት ሊይዙ ይችላሉ። ልጁ ሁለቱንም ሲወርስ ሕመሙ ይገለጣል፤ ዕድሉም በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ነው። ወላጆቹ የሥጋ ዘመዳሞች ከሆኑ ተመሳሳይ ጉድለት የመያዛቸው ዕድል ይጨምራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለውጡ ወላጆቹ ዘንድ የሌለ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው። በሁለቱም መንገድ እናት ጥፋተኛ አይደለችም።

በብሪታንያና በአየርላንድ መንስኤው ያልታወቀ የዕድገት እክል ያለባቸው ከ13,000 በላይ ልጆች ተጠንተው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት ለ41 በመቶ ያህሉ መንስኤው ተገኝቷል። ዋናው ዘዴ የልጁን ዘረ መል ከእናቱና ከአባቱ ጋር ማነጻጸር ነበር። ሁለቱም ወላጆች ባልተመረመሩለትና የዘር ሐረጉ ከአፍሪካ በሆነ ልጅ ዘንድ መንስኤው የመገኘቱ ዕድል ዝቅ ብሎ ታይቷል።

የየቲሙ ጉዳይ የሚያሳስበን እዚህ ላይ ነው። አባቱ የሞተበት ልጅ ይህ ማነጻጸሪያ ይጎድለዋል። ሆኖም ታሪኩ በአያቱ፣ በአጎቱና በአክስቱ ዘንድ አለ። በአገራችን ሽማግሌው ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ይህም እውቀት ለሐኪም ትልቅ እገዛ ነው። እንግዲህ አሳዳጊዎች ሆይ፣ እነዚህን ጠይቃችሁ ጻፉ፦ ወላጆቹ ይዛመዱ ነበርን? በየትኛው ወገን ተመሳሳይ እክል ታየ? በሕፃንነት የሞተ ወንድም ወይም እኅት አለውን? ልጁስ መቼ ተቀመጠ፣ መቼ ተራመደ?

ጽሑፉን ይዛችሁ ልጁን ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩ። የታይሮይድ ሆርሞን ጉድለት ይዞ የተወለደ ሕፃን ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ዕድገቱ ይጠበቃል። መድኃኒት ለሌለው ሕመም እንኳ መንስኤውን ማወቅ እናትን ከወቀሳ ያሳርፋል።

ለጋሾቻችንም ለየቲሙ ስትለግሱ ከቀለቡና ከደብተሩ ጋር የሐኪም ቤት መንገዱን አስቡለት። የቲሙ አማና ነው፤ ታሪኩም እንዲሁ።