ስለ አንጀት እንቅስቃሴና አንጀትን ስለሚጠብቁ ሕዋሳት

የሰው አንጀት ቀጭኑና ወፍራሙ በአንድነት ሲለካ 7 ሜትር ያህል ነው። በግድግዳውም ውስጥ ሁለት ረድፍ ጡንቻ አለ፤ አንደኛው ዙሪያውን ይከብበዋል፤ ሁለተኛው በቁመቱ ይዘረጋል። እነዚህም እየተኮማተሩና እየላሉ የተበላውን እህል ወደ ታች ይነዱታል። ጡንቻዎቹንም የሚያዝዙ በመካከላቸው የተዘረጉት ነርቭ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ናቸው።

ከነዚህም ጋራ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ ሕዋሳት አሉ። ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1882 የባሕር ኮከብ በሚባል እንስሳ ግልገል ላይ እሾህ ሰክቶ፣ ሕዋሳቱ ተሰብስበው እሾሁን ሲከብቡት አየ፤ ስለዚህም ምርምሩ በ1908 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከነዚህ ሕዋሳት አንዱ ወገን ማክሮፌጅ ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ ታላቅ በላተኛ ማለት ነው። ሥራውም ጠላትን መብላት ብቻ ይመስል ነበር። በ2014 ግን የኒው ዮርክ ሊቃውንት አይጦችን መርምረው፣ በአንጀት ጡንቻ ውስጥ የሚኖሩት ማክሮፌጆች ከነርቮቹ ጋራ መልእክት እንደሚለዋወጡ፣ እነርሱም በታጡ ጊዜ የአንጀቱ እንቅስቃሴ እንደሚታወክ አስረዱ።

ይህን ለማስተዋል በመንዝ የገብስ ማሳ የሚጠብቀውን ሰው ማሰብ ይበቃል። ጭላዳ ሲመጣ በወንጭፍ ያባርራል፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ የውሃውን ቦይ ይጠርጋል። የአንጀትም ጠባቂዎች ሥራ እንዲሁ ሁለት ነው። ትል በገባ ጊዜ፣ በአይጦች እንደ ታየው፣ ጠባቂዎቹ በሚያፈስሱት ንጥረ ነገር ጡንቻው አብልጦ ይኮማተራል፤ ዝልግልጉና ውሃውም ይበዛል፤ ትሉም ታጥቦና ተገፍቶ ይወጣል።

ነገር ግን የጠባቂው ቁጣ ከልክ ሲያልፍ ሥራውን ራሱን ያቆማል። ሐኪም ሆድን ከፍቶ አንጀትን በነካ ጊዜ፣ ማክሮፌጆቹ ተቆጥተው ጡንቻን የሚያደነዝዝ ነገር ያወጣሉ፤ አንጀቱም ለጥቂት ቀናት ሥራውን ይተዋል። ወስፋትም በሕፃን አንጀት እጅግ ሲበዛ ተጠላልፎ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል።

ስለዚህ የሕፃን ሆድ ተነፍቶ፣ ትውከት በርትቶ፣ ነፋሱና ዓይነ ምድሩ የተቋረጠ እንደ ሆነ፣ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት አይገባም፤ የተዘጋውን አንጀት ማስጨነቅ ለሞት ያደርሳልና። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ኮሶ የታወቀው ጥሬ ሥጋ ለሚያመጣው ለኮሶ ትል ነው እንጂ ለወስፋት አይደለም፤ መጠኑም ሲበዛ ዓይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ለወስፋት በጤና ጣቢያ የሚሰጠው አልቤንዳዞል ትሉን ምግብ ከልክሎ ያደክመዋል፤ የደከመውን ጠርጎ የሚያስወጣው ግን የአንጀቱ የራሱ እንቅስቃሴ ነው።

ይልቁንም የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። የወስፋት ዕንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ በአፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ባልታጠበ እጅና ባልታጠበ ምግብም ወደ አፍ ይገባል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን እጅ መታጠብን ቢያስለምዱ፣ ሽማግሎችም በየመንደሩ መጸዳጃ እንዲቈፈር ቢመክሩ፣ የአንጀት ጠባቂዎች ያለ ጦርነት የሰላም ሥራቸውን ይሠራሉ።