ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

የቤተ ክርስቲያናችን የታዳጊዎች ፕሮግራም ቅዳሜ 8 ሰዓት ይጀምራል እየተባለ ለረጅም ጊዜ የምንጀምረው 9 ሰዓት ነበር። የአዳራሹን ቁልፍ የሚይዙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከእርሻ እስኪመለሱ ሃያ የሚሆኑ ልጆች በከተማችን በቡልቡላ ፀሐይ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። አንድ ቅዳሜ እኔም አብሬያቸው ቆሜ የያዝኩትን ወረቀት አየሁት፤ የዕለቱ ትምህርት ርዕስ «መሪነት» ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹ አልሳቁም፤ መጠበቁን ለምደውታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ቁልፉ ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሠራነውን እንደ ቅደም ተከተሉ እነግራችኋለሁ። የተሞከረው ቡልቡላ ላይ ስለሆነ ሽንኩርት ይበዛበታል፤ በየአገራችሁ ባለው ነገር ቀይሩት።

ደረጃ 1፦ የምታዘጋጁት ማንን እንደሆነ ቁጠሩ

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ናቸው። ከሃያ ልጆች አንድ ማለት ነው፣ ያውም ከሦስቱ በደጉ ዓመት። «ተማሩ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቡ፣ በሙያችሁ እግዚአብሔርን አገልግሉ» እያልን ስንሰብክ የምናወራው ለአንዱ ልጅ ነበር። በሪሚዲያል የሚገቡትን ብንጨምር እንኳ አብዛኛው እዚሁ ይቀራል። አንዱ ባቱ አበባ እርሻ ይቀጠራል፣ ሌላው በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የቡልቡላ የተቀናጀ የግብርና ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋ ያደርጋል፣ ሌላው ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ታገባለች፣ አንዷ ዓረብ አገር ታስባለች።

ስለዚህ አንድ ወረቀት አውጡና የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጽፋችሁ ከአጠገቡ «ከሁለት ዓመት በኋላ የት ይሆናል?» ብላችሁ ሙሉ። ልጆቹንም ጠይቋቸው። ትምህርቱ የሚነሳው ከዚያ ወረቀት ነው።

ደረጃ 2፦ ቤታቸው ሂዱ

ማስታወቂያ አትለጥፉ። ሂዱና ቡና ጠጡ። አባትየውን ኦቦ፣ እናትየዋን አዴ ብላችሁ በየስማቸው ጠርታችሁ፣ አፋን ኦሮሞ የምትችሉ በአፋን ኦሮሞ፣ የማትችሉም የሚችል ሰው ይዛችሁ፣ ልጃቸው ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ስትወጣ ውሃውን ማን እንደሚቀዳ ጠይቁ። እኛ ሰዓቱን 8 ላይ ያጸናነው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። የሴቶቹን ሥራ ሳይጠይቅ ሰዓት የሚመድብ ፕሮግራም የወንዶች ፕሮግራም ሆኖ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ አምስት አምስት አድርጋችሁ ክፈሏቸው

ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ አዳማ ይበቃል። አዳማ ላይ በሠራው የሜኖናውያን ሚሲዮን የተጀመረው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ሲዘጋ ሕንፃዎቹ ተወረሱ፣ መሪዎቹ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በማስተናገዱም ሴቶች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው የቡድኑ ማነስ ነው አልልም። ነገር ግን አምስት ሰው በተቀመጠበት ቤት ከኋላ ወንበር መደበቅ የለም፤ ሁሉም ያነባል፣ ሁሉም ይጠየቃል።

የቡድን መሪ በየወሩ ይለዋወጥ። መጀመሪያ ላይ በደንብ የሚጸልየውን አትምረጡ። እሱ ድሮም መድረክ አለው። ዝምተኛዋን አስቀድሙ።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ በእጃቸው ይግባ

የሥራው ወገብ ይህ ነው፤ ብዙ ቤተ ክርስቲያንም የሚፈራው ይህንን ነው። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጦ በ30 ዓመቱ ፈርዖን ፊት እስኪቆም ድረስ በነበሩት 13 ዓመታት አስተዳደርን የተማረው የጲጥፋራን ቤት፣ ኋላም እስር ቤቱን በአደራ እየያዘ ነው። እኛ ታሪኩን እናስተምራለን፣ አደራውን ግን አንሰጥም።

አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት 200 ካሬ መሬት ለአንድ ወቅት ለቀቁልን። ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ከሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ፓምፑን ያዋሱን ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ነዳጁን ብቻ ችለናል። ልጆቹ ሄደው ራሳቸው ጠየቋቸው፣ ሲጨርሱም ራሳቸው አጥበው መለሱ። ከጎረቤት ጋር ስለ መኖር ለብቻው ትምህርት አላዘጋጀሁም።

የሽንኩርት ዘር ከመግዛታችን በፊት፣ ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ የሚናገረውን የሉቃስ 14 ምሳሌ አነበብን፤ ወዲያው እዚያው ተቀምጠን አሰላን። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ ትራንስፖርት። አዳማ ቀይ ይሻላል ወይስ ቦምባይ ቀይ በሚለው ብቻ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለቀ። ሁለቱም ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ ዝርያዎች ናቸው፤ ወሳኙ የገበያው ምርጫ ስለሆነ ልጆቹ ሄደው ነጋዴ ጠየቁ። ችግኙ መደብ ላይ ስድስት ሰባት ሳምንት፣ ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል። ለታዳጊ ይህ ረጅም ነው። ግን ባጃጅ በዱቤ ሊገዛ ለሚያስብ ልጅ አምስት ወር መጠበቅን ከሽንኩርት የበለጠ የሚያስተምረው የለም።

ሒሳቡ ባለካሬ ደብተር ላይ ይጻፋል። ገጹ ለሁለት ይከፈላል፦ በስተግራ ገቢ፣ በስተቀኝ ወጪ። በየሳምንቱ ገንዘብ ያዡ ቆሞ ያነባል። በሦስተኛው ወር ገንዘብ ያዣችን ሲያነብ አንድ መስመር ላይ ድምፁ ዝቅ አለ፦ «ልዩ ልዩ፣ 180 ብር»። ምንድን ነው ተባለ። ዝም። ደብተሩን አየሁት፤ ሌላው ሁሉ በእስክሪብቶ ተጽፎ ያ መስመር ብቻ በእርሳስ ነው። ለካ ውሃ ሲያጠጡ ለዋሉት ልጆች ለስላሳና ብስኩት ገዝቶላቸው፣ ቢጠየቅ አይፈቀድልኝም ብሎ ፈርቶ ነው። ቤቱ ወጪውን አጸደቀለት፤ ጽሑፉን ግን እንዲያስተካክል አደረገ፦ «ለስላሳና ብስኩት፣ ለአጠጪዎች»። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተራችን ልዩ ልዩ የሚባል መደብ የለም። ይህ ደንብ ለትልልቆቹም ቢተርፍ አልጠላም።

ሲሸጥ እናንተ ወደ ኋላ ቁሙ። እኛ ከመሸጣችን በፊት በነበረው ቀን ሁለት ልጆች ባቱ ሄደው ዋጋ ጠይቀው ነበር። ደላላው ማሳው ላይ መጣና «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ትልቅ ሰው ጥሩልኝ» አለ። እኔ ሃያ እርምጃ ርቄ ሽንኩርት የምለቅም መስዬ አጎንብሻለሁ። ባለቁልፏ ልጅ ደብተሩን እንደያዘች «ሂሳቡ እኛ ጋ ነው፣ ከእኛ ጋር ይነጋገሩ» አለችው። የባቱን ዋጋም ነገረችው። የተስማሙበት እኔ ከማገኘው በኪሎ ሁለት ብር ያነሰ ይመስለኛል። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እናንተም ዝም በሉ፤ ያቺ ሁለት ብር የትምህርት ቤት ክፍያ ናት።

ገንዘቡ ሲገባ አስራቱን፣ ለሚቀጥለው ዘር የሚቀመጠውንና የሚካፈሉትን ራሳቸው ወሰኑ።

ደረጃ 5፦ ሕጉን ከቅጥሩ በፊት ያንብቡ

ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል። አንዱ ልጅ አሠሪ ሆኖ ይቀመጥ፣ ሌላዋ ሥራ ፈላጊ ሆና ትግባ፣ የቀሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይዳኟቸው። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር በፊርማው መስጠት አለበት። ይህችን የመጨረሻዋን ያስታወሰ ልጅ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ጋብቻ ላይም አታድበስብሱ። ሕጉ ለወንዱም ለሴቷም 18 ዓመት ይላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ በታች «ባርኩልን» የሚል ቢመጣ መልሷ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ሴቶቹንና ወንዶቹን መጀመሪያ ለየብቻ አነጋግሩ፣ ከጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዙ፣ ከዚያ አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ለየብቻ የተነገራቸውን ብቻ ይዘው ከሄዱ፣ በኋላ የሚጋጩት ቤታቸው ውስጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ሲበላሽ አትንጠቁ

ባለቁልፏ አንድ ቅዳሜ አልመጣችም፤ ለሠርግ ሻሸመኔ ሄዳለች። ቁልፉን ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ሰጥታ ነበር፣ ለእኛ ግን አልነገረችንም። በሩ በሰዓቱ ተከፍቷል። ሽማግሌዎቹ ግን ተቆጡ፤ ቁልፉ ይመለስ የሚል ሐሳብም መጣ። እኔ እንኳ ለአፍታ ተስማምቼ ነበር። ኋላ ያቀረብነው ጥያቄ ይህ ነው፦ ያጠፋችው ለሌላ መስጠቷ ነው ወይስ አለመናገሯ? ስትመለስ ይህንኑ ጠየቅናት። «አለመናገሬ» አለችና ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ያዡ የሚቀየርበትን ቀን የምትጽፍበት ወረቀት በሩ ላይ ለጠፈች።

አሁን ቁልፉ የዚያው የ14 ዓመት ልጅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ወንበር ላስተካክል ብዬ 7 ሰዓት ተኩል ደረስኩ። ልጁ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። «ክፈትልኝ እስቲ» አልኩት። ስልኩን አይቶ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በአክብሮት «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ እኮ 8 ሰዓት ነው» አለኝ።

ጥላ ፍለጋ ግድግዳውን ተደገፍኩ።