የዓድዋን ዘማች በእጅ መሥራት፦ ለትልቅ ሞዴል የሚስማማውን የቅርፅ ቁስ እንዴት እንምረጥ?

«ፊገር» እየተባሉ የሚሸጡት ትልልቅ የሰው ሞዴሎች በአብዛኛው የጃፓን ካርቱን ጀግኖች፣ የአሜሪካ ፊልም ገጸ ባሕርያት ወይም የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ናቸው። ጎፈር ደፍቶ፣ ለምድ ለብሶ፣ ጋሻ አንግቦ የቆመ የ1888 ዓ.ም. ዘማች ግን በቀላሉ አይገኝም። ለሚፈልገው ሰው የሚያዋጣው መንገድ የተዘጋጀ አካል ገዝቶ የጎደለውን በእጁ እየቀረፀ መጨመር ነው።

ሥራውን የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ከሁሉ የሚሻለው ቁስ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ለሁሉም ቦታ የሚሻል አንድ ቁስ የለም። ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቁሱ የሚያርፍበት ፕላስቲክ ዓይነትና የሚቀረፀው ክፍል ጠባይ። ለጋሻው ግሩም የሆነው ቁስ ለለምዱ አይሆንም፤ ለለምዱ የሚሆነውም ለጎፈሩ ያስቸግራል። የሚከተሉት ሰባት ደረጃዎች ምርጫውን ቅደም ተከተል ያስይዙታል።

ደረጃ 1፦ ሞዴሉ ከምን እንደተሠራ ይወቁ

ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ካልተጻፈ በእጅዎ ይመርምሩት። ሲጫኑት የሚለጠጥ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ለስላሳ አካል በአብዛኛው ቪኒል ነው፤ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በሙቅ ውሃ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በፍሬም ተያይዞ የሚመጣና በሙጫ የሚገጣጠም ጠንካራ ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። መገጣጠሚያዎቹ የሚንቀሳቀሱ አካላት ብዙ ጊዜ ኤቢኤስና ቪኒል የተቀላቀሉባቸው ናቸው። ከባድ፣ ድፍንና ሲወድቅ የሚሰበር ከሆነ ሬዚን ነው። በቤት ፕሪንተር የታተመ ከሆነ ፒኤልኤ ሊሆን ይችላል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በተለይ ለሙቀት ነው። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፖሊስታይሪን 100 ዲግሪ ገደማ፣ ኤቢኤስ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቪኒል ደግሞ ከፖሊስታይሪንና ከኤቢኤስ በጣም ቀድሞ ቅርፁን ይለቃል። በኦቨን የሚጋገሩት ቁሶች (ፖሊመር ክሌይ) ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ስለሚፈልጉ ከእነዚህ አካላት በአንዱም ላይ እንዳሉ መጋገር የለባቸውም። ያልተጋገረ ፖሊመር ክሌይ ፖሊስታይሪን ላይ ተለጥፎ ሲቆይ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ፕላስቲኩን ስለሚበላው ለጊዜውም ቢሆን አያሳርፉት።

ደረጃ 2፦ መጠኑንና ክብደቱን ያስሉ

በ1/6 መጠን 1.80 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 30 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ በ1/4 ደግሞ 45 ሳንቲሜትር። ቁመቱ የጨመረው በአንድ ተኩል ጊዜ ብቻ ነው፤ ለተመሳሳይ ጎፈር የሚፈጀው ቁስ ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። በትንሽ ሞዴል ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ነገር በትልቁ ላይ የሚከብደውና የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ኤፖክሲ ፑቲ ከፕላስቲክ ይከብዳል፤ 100 ሴንቲሜትር ኩብ የሚሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ግራም በላይ ይመዝናል። ያን ያህል ክብደት በሞዴል ራስ ላይ ሲጫን አንገቱ ያዘነብላል፣ ቁርጭምጭሚቱም ይታጠፋል። እንግዲህ ወፍራም የሆነ ክፍል ሁሉ ውስጡ ቀላል እምብርት ይኑረው። የተጨማደደና በደንብ የተጠቀጠቀ የአሉሚኒየም ፎይል ለዚህ ይበቃል። ፎይሉን በሽቦ አጽንተው ከላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ብቻ ቁስ ቢያለብሱት ክብደቱም ወጪውም ይቀንሳል።

የስስነትንም ልክ ያስሉ። 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካባ በ1/6 ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ያን ያህል ስስ ሆኖ ሳይሰበር የሚቆይ ቁስ ጥቂት ስለሆነ ልብስና ጠርዝ የራሳቸው ምርጫ ያስፈልጋቸዋል።

ደረጃ 3፦ የቁሶቹን ጠባይ ይለዩ

ኤፖክሲ ፑቲ። ሁለት ክፍል ሆኖ ይመጣል፤ እኩል በእኩል ሲቀላቀል ያለ ሙቀት ይጠነክራል። ለፕላስቲክ አካል አስተማማኙ ቤተሰብ ይህ ነው፤ በመካከሉ ግን ልዩነት አለ። በዌልስ የሚመረተው ሚሊፑት በክፍል ሙቀት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ ይደነድናል፣ በውሃ ይለሰልሳል፣ በብርጭቆ ወረቀትም በደንብ ይፈገፈጋል። ነጩ ሱፐርፋይን ለፊትና ለጢም ይመረጣል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራው አፖክሲ ስከልፕት ከ1 እስከ 3 ሰዓት የመሥሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ24 ሰዓት ነው፤ ለሰፋፊ ቦታ ይመቻል። ግሪን ስታፍ የሚባለው ሰማያዊና ቢጫው ከደረቀም በኋላ ትንሽ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ለልብስ፣ ለማሰሪያና ለስስ ጠርዝ ይመረጣል፤ መፈግፈግ ግን ስለማይወድ የመጨረሻ ቅርፁን ሳይደርቅ ማስያዝ ይገባል።

ፖሊመር ክሌይ። ስከልፒና ፊሞ የሚባሉት ናቸው። እስኪጋገሩ ድረስ ስለማይደርቁ ጊዜ ወስዶ ለሚቀርፅ ሰው ምርጥ ናቸው። ሱፐር ስከልፒ ለየ6 ሚሊሜትር ውፍረት 15 ደቂቃ በ135 ዲግሪ፣ ፊሞ ደግሞ በ110 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል። ከሞዴሉ ተለይተው ለሚሠሩ ክፍሎች ብቻ ይጠቀሙበት።

በአየር የሚደርቅ ክሌይ። ርካሽና ቀላል ነው። ውሃው ሲተን ግን ይሸማቀቃል፤ ሥሩ ያለው ጠንካራ አካል አብሮት ስለማይሸማቀቅም ይሰነጠቃል። ቦታው የሞዴሉ መቆሚያ መሬት ነው።

የዘይት ክሌይ ወይም ፕላስቲሲን። መቼም አይደርቅም። የሚያገለግለው ሞልድ ሊወሰድበት ለታሰበ ቅርፅ ነው። ሰልፈር ያለበት ዓይነት ሞልድ የሚሠራበት ፕላቲነም ሲሊኮን እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ሰልፈር የሌለውን ይምረጡ።

የመኪና ስቱኮ። ጋራዥ ውስጥ የሚታወቀው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊስተር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ሽታውም ከባድ ነው። በሬዚን ላይ ክፍተት ለመሙላት ጥሩ ነው። ፖሊስታይሪን ላይ ወፍራም አድርገው ቢቀቡት ግን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ከቤት ውጭ ወይም አየር በሚገባበት ቦታ ብቻ ይሥሩበት።

ደረጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ክፍል ቁስ ይመድቡ

ወረቀት ላይ የሚጨመሩትን ክፍሎች ዘርዝረው ከየአንዳንዱ ፊት ሦስት መልስ ይጻፉ፦ ወፍራም ነው ወይስ ስስ? ከሞዴሉ ይለያል ወይስ ይጣበቃል? ይታጠፋል ወይስ እንደቆመ ይቀራል? ቪኒል አካል ላለው በ1/6 መጠን ለሚሠራ የዓድዋ ዘማች የእኔ ምደባ የሚከተለው ነው።

ጎፈሩ ወፍራም ነው፤ በተጨማሪም የአንበሳ ጎፈር በመሆኑ በጥልቅ የተቀረፀ ጠጉር ይፈልጋል። የፎይል እምብርት አድርገው ከላይ ሚሊፑት ያልብሱት። የሞዴሉን ራስ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልለው ቫዝሊን ከቀቡት ጎፈሩ ሲደርቅ ተነቅሎ ይወጣል፤ ቀለሙንም ለብቻው መቀባት ይቻላል። ጠጉሩን ከታች ጀምረው ወደ ላይ በረድፍ ይሥሩ፤ የታችኛው ረድፍ ደርቆ ካልጠበቀዎት እጅዎ ያበላሸዋል።

ለምዱ ስስ ነው፤ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ጫፎችም አሉት። እኩል መጠን ሚሊፑትና ግሪን ስታፍ ይቀላቅሉ፤ አንዱ መፈግፈግን፣ ሌላው አለመሰበርን ይሰጣል። ድብልቁን ቫዝሊን በተቀባ ሁለት ላስቲክ መካከል ዳምጠው አንድ ሚሊሜትር ያህል ያሳሱት። ግማሽ ሰዓት ግድም ጠብቀው እንደ ቆዳ ሲጠጥር ይቁረጡትና ትከሻው ላይ ያልብሱት። እጥፋቱን ያን ጊዜ ቢያስይዙት አይፈርስም።

ጋሻው ለብቻው የሚሠራ ክብና ጉብ ያለ ነገር ስለሆነ ለፖሊመር ክሌይ የተመቸ ነው። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጋሻ በ1/6 ወደ 8 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ክሌዩን በብረት ጭልፋ ሆድ ላይ ዘርግተው ጌጡን ይቅረፁና ከጭልፋው ጋር ይጋግሩት፤ እጀታው የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ያልሆነ ጭልፋ ይሁን። ጋሻው ከእጁ ጋር የሚጣበቀው ከተጋገረና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ጢሙና የፊቱ ማስተካከያ በጣም ስስ ንብርብር ስለሚሹ ነጭ ሱፐርፋይን ሚሊፑት ይስማማቸዋል። የሚቆምበት ድንጋያማ መሬት ደግሞ በፎም ላይ በተለጠፈ በአየር የሚደርቅ ክሌይ ቢሠራ ርካሽም ቀላልም ነው፤ ቢሰነጠቅ እንኳ ለድንጋዩ ተፈጥሯዊ መልክ ይሰጠዋል።

ደረጃ 5፦ በማይታይ ቦታ ይሞክሩ

ቪኒል ላይ የማይጣበቅ ፑቲ አለ፤ ቀለም የማይደርቅበት ቪኒልም አለ። ከእግሩ ሥር ወይም ልብሱ በሚሸፍነው ቦታ የጥፍር ያህል ቁስ ለጥፈው 24 ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በጥፍርዎ ለመንቀል ይሞክሩ፤ ፕላስቲኩ እንዳልለሰለሰ፣ እንዳልቀለጠ፣ ቀለሙም እንዳልተቀየረ ይዩ። ሊረጩበት ያሰቡትን ቀለምም አብረው ይፈትኑ፤ አንዳንድ የስፕሬይ ቀለሞች ለስላሳ ቪኒል ላይ ለወራት ተጣባቂ ሆነው ይቀራሉ። በብሩሽ የሚቀባ አክሪሊክ ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው።

ደረጃ 6፦ አካሉን ያዘጋጁ፣ ቁሱን በጥንቃቄ ያቡኩ

ፋብሪካው ከሞልድ ለማላቀቅ የቀባው ቅባት ፑቲውን ስለሚያስለቅቀው ሞዴሉን በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት። ቁሱ የሚያርፍበትን ቦታ በ120 ወይም በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ያድርጉት። የሚሸከም ክፍል ካለ ቀጭን ቀዳዳ በስተው 1 ሚሊሜትር ሽቦ ይትከሉ፤ ቁሱ ሽቦውን ይዞ ይቆማል። ቪኒሉ ሲጫኑት የሚገባ ከሆነ ጠንካራው ፑቲ ስለሚላቀቅ፣ ከመቅረፅዎ በፊት ባዶውን ውስጡን በሚጠነክር ነገር ሞልተው ያደንድኑት። የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ላይ ኤፖክሲ አያሳልፉ፤ ክፍሉን ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ለይተው ይሥሩ።

ኤፖክሲን ያለ ናይትሪል ጓንት አይንኩ። ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አለርጂ አንዴ ከያዘም ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱን ክፍሎች አንድ ወጥ ቀለም እስኪሆኑ ድረስ ያሹ፤ በድብልቁ ላይ መስመር የሚታይበት ቦታ አይደርቅም። ግሪን ስታፉ በአንድ ጥቅልል የተጣበቀ ከሆነ ሁለቱ ቀለሞች የሚነካኩበትን መካከለኛ መስመር ቆርጠው ይጣሉ፤ እዚያ ላይ ቀድሞ ስለደረቀ ጓል ይፈጥራል።

አየሩንም ያስቡበት። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመጠንከሪያው ጊዜ በግምት በግማሽ ያጥራል። ከአዲስ አበባ ብርድ ይልቅ በድሬዳዋ ወይም በዱባይ ሙቀት በአንድ ጊዜ የሚቀላቅሉት ትንሽ ይሁን። በትንሹ ጀምሮ ደጋግሞ መቀላቀል ብዙ ቀላቅሎ ከመጣል ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ያጥሩ፣ ይፈግፍጉ፣ ይቀቡ

ሳይደርቅ በስቴኪኒ፣ በመርፌና ውሃ በነካ ጣት ያለስልሱት። ሲደርቅ ከ400 ወደ 800 ቁጥር በሚሄድ ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነኩ ይፈግፍጉ። ውሃው አቧራው እንዳይበን ስለሚያደርግ ሳንባዎን ይጠብቃል፤ ማስክም ያድርጉ። ቫዝሊን የነካውን ቦታ ሁሉ በሳሙና ካላጠቡ ቀለሙ ይላጣል። መጀመሪያ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለም።

ፖሊመር ክሌይ ሲጋግሩ በኦቨኑ መቆጣጠሪያ ላይ ብቻ አይተማመኑ፤ ቴርሞሜትር ውስጡ ያስቀምጡ። ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጠቁራል፣ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝም ይለቃል። ያ ከሆነ ኦቨኑን አጥፍተው መስኮት ይክፈቱ።

ምደባው በአጭሩ ሲጠቃለል፣ አካሉ ላይ ለሚቀር ነገር ኤፖክሲ፣ ለስስና ለሚተጣጠፍ ግሪን ስታፍ ያለበት ድብልቅ፣ ከሞዴሉ ለሚለይ ነገር ፖሊመር ክሌይ፣ ለመሬት በአየር የሚደርቅ ክሌይ ነው። ለወፍራም ነገር ሁሉ ደግሞ ፎይል እምብርት። መጀመሪያ የሚገዙት አንድ ጥቅል ሚሊፑትና ጥቂት ፖሊመር ክሌይ ቢሆን ለብዙው ሥራ ይበቃል።

የመጀመሪያ ሥራዎ ጋሻው ይሁን። ቢበላሽ ሞዴሉን አይጎዳም፤ ከተሳካ ደግሞ እጅዎ ለጎፈሩ ዝግጁ ይሆናል። የአያቶቻችንን አለባበስ ጠንቅቀን የምናውቀው እኛው ስለሆንን ሌላ ሰው እስኪሠራልን አንጠብቅ።