የኬሚካል አትክልት፦ ሕይወት ሳይኖረው የሚያድግ



ዘንድሮ በቤተ ሙከራችን በውሃ በተበጠበጠ ሶዲየም ሲሊኬት ውስጥ የምስር ፍሬ የምታህል የመዳብ ሰልፌት ቅንጣት ጣልን። ጥቂት ቆይቶ ሰማያዊ ቅርንጫፍ ሽቅብ ማደግ ጀመረ። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ሕይወት አለው እንዴ?» አለች። «የለውም» ብለን ልናልፍ ስንል፣ «ታዲያ ምን አሳደገው?» ብላ ያዘችን።

ጥያቄዋ የዋዛ አይደለም። ጀርመናዊው ግላውበር ይህን ክስተት በ1646 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ፈረንሳዊው ሐኪም ስቴፋን ለዱክም ከመቶ ዓመት በፊት እንዲህ ያሉ ቅርጾች የሕይወትን አጀማመር ያስረዳሉ ብሎ ያምን ነበር።

መልሱ ከሂደቱ ይገኛል። ቅንጣቷ ስትሟሟ መዳቡ ከሲሊኬቱ ጋር ተዋህዶ በዙሪያዋ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ውሃን ያሳልፋል፤ የሟሟውን ጨው ግን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ውሃ በኦስሞሲስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ግፊቱ ሲበረታም ሽፋኑ ይቀደዳል። የሚፈልቀው ፈሳሽ በዙሪያው ካለው ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳሩም ወዲያው ረግቶ ቱቦ ይሆናል። እየተቀደደና እየተጠገነ ያድጋል።

የቱቦው ግድግዳ ከውጭ በኩል ባብዛኛው ሲሊካ፣ ከውስጥ በኩል የመዳብ ሃይድሮክሳይድ ወይም ኦክሳይድ ነው። ቅንጣቶቹ በናኖሜትር ይለካሉ፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ማንም ሳይደረድራቸው ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ተመራማሪዎችም ይህን መንገድ አዳዲስ ቁሶች ለመሥራት ያጠኑታል።

ዘመዱ ከእኛም ሩቅ አይደለም። አዋሽ ከኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ በሚያልቅበት በአቤ ሐይቅ እስከ 50 ሜትር የሚደርሱ የድንጋይ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል። ሐይቁ ሰፊ በነበረበት ዘመን ካልሲየም የያዘ ፍል ውሃ ከሥሩ እየፈለቀ ካርቦኔት ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ የረጋ ኖራ ድንጋይ ነው። ቁሱ ከእኛው ብርጭቆ ይለያል፤ ሁለት ውሃ ሲገናኝ ግንብ መቆሙ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ቅርንጫፉ ሕይወት የለውም፤ ቅንጣቷ ስታልቅ ያቆማል፣ ዘርም አይተካም። ማደግ ብቻውን የሕይወት ምልክት አለመሆኑን ያስተማረችን ያቺ ጥያቄ ናት። ልጆች፣ «ታዲያ ለምን?» ማለትን አትተዉ።

ወላጆችም አደራ፦ ሶዲየም ሲሊኬት ዓይንና ቆዳ ይጎዳል፣ መዳብ ሰልፌትም መርዝ ነው። ሙከራው ያለ መነጽር፣ ያለ ጓንትና ያለ መምህር አይሠራም፤ ትራፊውም ወደ ባሕር በሚወርድ ቦይ አይደፋም።